ማደጊያ ያለው ጉርድ

የእኔን ጉርድ ያየ ሰው ከተሰፋ ስንት ዓመት እንደሆነው ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የዩኒፎርም ጉርዴን ሲሰፋ ከታች በኩል አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይቀመቅመዋል፤ ያንን እጥፋት «ማደጊያ» ይለዋል። መስከረም በመጣ ቁጥር ባደግሁት ልክ ተርትሮ ያወርድልኛል። የወረደው ጨርቅ ፀሐይና ሳሙና ስላልነካው ከላይኛው ይልቅ ይጠቁራል። ስለዚህ በየዓመቱ ጉርዴ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ይጨመራል። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ሦስት መስመር ነበረኝ፤ የክፍላችን ልጆች «ሻለቃ» ብለው ይጠሩኝ ነበር።

የሚያበሽቀው ደግሞ የከተማውን ግማሽ ተማሪ የሚያለብሰው ይኸው አባቴ መሆኑ ነው። ለሰው ልጅ ሲሰፋ ማደጊያ የሚባል ነገር አያውቅም። ደንበኛ በልኩ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ደንበኛ በዓመቱ ተመልሶ ካልመጣ ሰፊ ምን ይበላል? ጓደኞቼ አባቴ የሰፋላቸውን ቀለል ያለ ጉርድ ለብሰው ሲዞሩ ጨርቁ ከኋላቸው ይከተላል። የእኔ ከታች ከብዶ እንደ ርጥብ ጆንያ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አባቴና እናቴ ከወሎ ወደ እንጅባራ የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው። አባቴ ዋናው መንገድ ዳር ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተከለ፤ እዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ «ወሎዬው» ይለዋል። ክፋት የለበትም፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣም፣ መንገድ የጠፋበትም «ወሎዬው ጋ» ነው የሚለው። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ የእዚሁን ብርድና ጭቃ ጠግቤ አድጌ «የወሎዬው ልጅ» ነኝ። አንድ ክረምት ወሎ ዘመድ ጥየቃ ብንሄድ ደግሞ «የጎጃሟ ልጅ መጣች» ብለው ተቀበሉኝ። እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«እዚህ አገር ሞፈር የምናውልበት መሬት የለንም» ይል ነበር አባቴ፣ እግሩ የመኪናውን መርገጫ እየመታ። «የእኛ መሬት ትምህርት ነው። እሱን እረሽ።»

አረስኩለት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛነትን ማንም ነክቶብኝ አያውቅም። ለራሴ ብቻ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ለሰኔ ሠላሳ ብዬ ነው። በዚያ ቀን በትምህርት ቤታችን ደረጃ ያገኘ ተማሪ ከወላጁ ጋር ፊት ወጥቶ ካርዱንና ሽልማቱን ይቀበላል። አባቴ መኪናውን በሸራ ሸፍኖ፣ ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያው «የአንደኛዋ ተማሪ አባት» ሲል ይነሳና ኮቱን ወደታች ሳብ አድርጎ ይወጣል። ሰው ያጨበጭባል። ሱሪያቸውን የሚያሳጥርላቸው ባለሥልጣናት፣ ባለሱቆች፣ የመሬት ባለቤቶች፣ ሁሉም። በዓመት አንዲት ቀን አባቴ ወሎዬው አልነበረም።

ያቺን ቀን ነው አንዲት ልጅ የወሰደችብኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ስል፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ገበሬ ፈረሱን ከበረንዳችን ምሰሶ አስሮ ልጁን አስከትሎ መጣ። ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ካለ ገጠር ነበሩ። ሰውዬው ዲከረንስ የሚሉትን የከሰል ዛፍ በጊዜ ከተከሉት አንዱ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ከሰሉ በአይሱዙ እየተጫነ ሲወጣ እሱም ሣር ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮ አልብሷል። አባቴ በአንጻሩ ሥራው እየቀዘቀዘ ነበር፤ ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ ገበያውን ሞልቶት ዩኒፎርም ባይኖር ጦማችንን ባደርን ነበር። ልጅቷ በእኔ ዕድሜ፣ ቀጭን፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ ናት። አንደኛ ደረጃን በአገውኛ ነው የተማረችው፤ አማርኛዋ አንድ ቃል ጥሎ አንድ ቃል ያነሳል።

«ይችን ልጅ ዩኒፎርም ስፋልኝ» አለው ሰውዬው አባቴን። «በልኳ አርገው። የመጭውን ዓመት ሌላ ታሰፋለች።»

እኔ ካውያው ጋ ቆሜ ነበር። «የመጭውን ዓመት ሌላ» የሚለው ቃል ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ወገቧን ለካ፣ ከወገቧ እስከ ጉልበቷ በታች ለካ። ሁለት ቀን ሙሉ ጨርቋን ስተኩስ የዋልሁት እኔ ነኝ። ምንም ማደጊያ አልነበረውም፤ ጫፉ አንድ ጣት ታጥፎ በቀጭኑ ተቀምቅሟል። ለብሳው ዞር ስትል ጨርቁ ተከተላት። ቅናቱ እንዲህ ነው እንግዲህ የጀመረኝ።

አላህ ሲፈርድብኝ የተከራየችው ክፍል እኛ ግቢ ሆነ። የቤት አከራያችን ያገሩ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት ናቸው። እናቴ በርበሬና ቅመም ልትሸጥ ገበያ ስትወጣ እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አያት ስለሌለኝ «እማማ» እያልሁ አያቴ አድርጌያቸው ነበር። ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለገጠር ተማሪ ያከራያሉ። ልጆቹ ቅዳሜ ወደቤታቸው ሄደው እሑድ የሳምንት ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይሄዳሉ፣ ሌላ ይመጣል። ከእነዚያ ሁሉ ጋር ምንም ጠብ አልነበረኝም። ይቺ ግን በመጣች በሳምንቷ ከእማማ ጋር በደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በአገውኛ ስታወራ አገኘኋት። እማማ እየሳቁ ነበር። እኔን ሲያጫውቱኝ እንደዚያ አይስቁም። ከአገውኛው ግማሹን እሰማለሁ፤ የሚያስቀው ሁልጊዜ ካልሰማሁት ግማሽ ውስጥ ነበር።

ገበያ አብረን ብንሄድ ድንች የምትሸጠውም፣ ቅቤ የምትሸጠውም ይጠሯታል፤ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቋታል፤ ስትነግራቸው አያቷን ያውቁላታል። እዚች ከተማ ውስጥ የእኔን አያት የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እኔ ጎኗ ቅርጫት ይዤ እቆማለሁ።

ክፍል ውስጥ ግን አልፈራኋትም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ጮክ ብላ እንድታነብ ስትጠየቅ ልጆች ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቃሉ፤ እኔም ነክሻለሁ። ያላሰብሁት ሌላ ነገር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ከቤቴ ይዤው የምሄደው አማርኛ ግማሽ መንገድ ያደርሰኝ ነበር። እንግሊዝኛ ግን ለእኔም ባዕድ፣ ለእሷም ባዕድ፤ በእሱ ላይ ማናችንም ርስት የለንም። እሷ ደግሞ ከአማርኛው ጋር ስትታገል የሰው ቋንቋ መልመድን ሠልጥናበታለች። ገና ጎህ ሲቀድ ጋቢዋን ተከናንባ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ጮክ ብላ ታነባለች። በብርዱ አፏ ይጨሳል። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ አብሬያት አነባለሁ፣ በንዴት።

የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ሲነገር አንደኛ እሷ፣ ሁለተኛ እኔ።

ቤት ስንደርስ እማማ ሰምተው ኖሮ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። የእሷን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ከዚያ፣ እኔም እንድሰማው ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ «እሰይ፣ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» አሉ። ለእኔም ዘወር ብለው «አንችም ጎበዝ ነሽ እኮ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በጀርባቸው ያዘሉኝ ሴትዮ። በቅናት ድብን አልኩ። መሬቱ የእነሱ፣ ዛፉ የእነሱ፣ ፈረሱ የእነሱ፣ አያቱም ገበያውም የእነሱ። ይሁን፣ ማን ምን አለ? አንደኛነትን እንኳ ለእኛ ቢተዉልን ምን ነበረበት?

አባቴን ያዝንልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «አብሽሪ፣ ሰኔ ገና ነው» አለኝና ትንሽ አሰብ አድርጎ «ለምን አብራችሁ አታጠኑም? ጥሪያት» አለ።

ጠራኋት። ከትምህርት በኋላ በረንዳው ላይ፣ ከካውያው ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ሆነን ማጥናት ጀመርን። ባዶ እጇን አትመጣም፤ እሑድ ከገጠር ያመጣችውን ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ ታመጣለች። አባቴ «ሥጋ ቢለያየን ድንች ያገናኘናል» እያለ ይቀልዳል፤ እኛ ሙስሊም፣ እሷ ክርስቲያን ነን። ድንቹ እንደ ዱቄት የሚፈርስ፣ እንዲህ ነው ተብሎ የማይነገር ድንች ነበር። ይኸም አናደደኝ። እየተናደድሁ እበላለሁ።

የአባቴ ዓይን በዚያ ዓመት መድከም ጀምሮ ነበር። መርፌው ላይ ክር የማስገባለት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነው። ክሩ ሲበጠስ «ክር!» ይላል፤ የያዝሁትን ጥዬ እሄዳለሁ፣ ጫፉን በምላሴ አርጥቤ አስገባለሁ፣ እሱም ሳያየኝ «ተባረኪ» ይላል። አንድ ቀን «ክር!» ሲል ቀና ብዬ ሳልጨርስ እሷ ተነስታ ነበር። አንድ ጊዜ ሳብ፣ ገባ።

«ተባረኪ» አላት።

«አሜን፣ ጋሼ።»

ከዚያ በኋላ «ክር!» በተባለ ቁጥር እሽቅድምድም ሆነ። አባቴ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ክሩ ሳይበጠስም ሁለታችን ቀና ብለን ስናየው ይገረማል። እሷም ቢሆን እንደምሽቀዳደማት የገባት አይመስለኝም። ቅርብ ስለሆነች ብቻ ነው የምትነሳው። በእጁ መሥራት ለለመደ፣ የሚሠራ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን አንድም ቀን አላበረደኝም።

ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት እንደ ጦርነት ነው የተማርሁት። ፆሙንም ፈተናውንም አንድ ላይ ይዤ ከሳሁ። እናቴ «ልጄን ደብተር በላት» እያለች ታማርር ነበር። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጀመረ፣ ፈተና ጨረስን፣ ውጤት እስኪነገር እንቅልፍ አጣሁ። አባቴ ኮቱን አውጥቶ ተኮሰው። «እንደሁልጊዜው ፊት እቀመጣለሁ» አለኝ።

ሰኔ ሠላሳ ዝናብ ስለነበር አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ዳይሬክተሩ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደረሰ። የእሷን ስም ጠራ። ዓመቱን ሙሉ የፈራሁት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለፈ። እሷ ከተማሪዎቹ መካከል ተነስታ፣ ዓይኗ መሬት ላይ፣ መድረኩ ላይ ወጥታ ቆመች።

«የአንደኛዋ ተማሪ አባት» አለ ዳይሬክተሩ።

የተነሳ የለም። አባቷ እርሻ ላይ ነው። ሰኔ ለገበሬ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ዝናብ ከያዘ ማንም በሬ ፈትቶ ካርድ ለመቀበል አይመጣም። በዚያ ላይ ሰውዬው እንዲህ ያለ ሥርዓት መኖሩንም የሰማ አይመስለኝም፤ ልጅቷም አልነገረችው ይሆናል። ዳይሬክተሩ ደግሞ ጠራ። ሰው ዞር ዞር ብሎ ማየት ጀመረ። ልጅቷ በሁለት እጇ የጉርዷን ጎን ጨምድዳ ይዛለች። ያኔ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ተነሳና ግራጫ ኮቱን ወደታች ሳብ አደረገ።

አባቴ ነው። ለእኔ ሲወጣ በሚሄደው አካሄድ፣ ቀስ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ሰው አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ እጁን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ በልጅዎ ሊኮሩ ይገባል» አለው በማጉያው። አባቴ «አይ፣ ጎረቤት ነኝ» አላለም። «አከራያችን አንድ ነው» አላለም። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ካርዱን ተቀብሎ ለእሷ ሰጣት፣ ራሷን ዳበስ አደረጋት፣ ወርዶ ተቀመጠ።

ቂጡ አግዳሚውን ሳይነካ የሁለተኛዋ ተማሪ ስም ተጠራ።

ደግሞ ተነሳ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ደግ ሳቅ ነው፣ የሚያምር ሳቅ። «ወሎዬው ሁለቱንም ጠቀለላቸው» አለ ከኋላ አንዱ። ተጨበጨበልኝ፤ ግን የሰዉ እጅ ለእሷ አጨብጭቦ የደከመ መሰለኝ። አባቴ ጉንጬን ሲስመኝ ፊቱ በርቶ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ደስ ብሎት አላየሁትም። ለእኔ ተነስቶ በወጣባቸው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያልነበረ ደስታ ነው።

ቤት ስንገባ እናቴን «ዛሬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ» አላት። ማታውን ሙሉ ለጎረቤት ሁሉ ይህንኑ አወራ። እማማ ከሁሉ ይበልጥ ሳቁ።

ክረምቱን እሷ ወደቤቷ ሄደች። ግቢው የእኔ ሆነ፣ መርፌው የእኔ ሆነ፣ እማማም የእኔ ሆኑ። አባቴ ግን ክር ባስገባሁለት ቁጥር «ያቺ ልጅ እንዴት ሆና ይሆን? ዝናቡ በርትቷል» ይል ነበር።

መስከረም ላይ አዲስ ጨርቅ ይዛ ብቻዋን መጣች። አባቷ እንዳለው ሌላ ልታሰፋ ነው። አባቴ ለካት፣ ቆረጠ፣ ሰፋ። እኔ እንደተለመደው ካውያው ጋ ነኝ። ጉርዱን ልተኩስ ስዘረጋው እጄ ላይ ከበደኝ። ጫፉን ገለበጥሁት። አራት ጣት ማደጊያ።

የተሳሳተ መስሎኝ «አባዬ፣ ይሄ የደንበኛ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማደጊያ ምን ያደርግላታል? በልክ ስፋልኝ አይደል አባቷ ያለው?»

ከመኪናው ቀና አላለም። «ገና ታድጋለች» አለ። «ሰውዬው ሥራ ይበዛበታል። በየጊዜው ማን ያይላታል? እኔ እያየሁ አወርድላታለሁ።»

ካውያው እጄ ላይ እየቀዘቀዘ ቆምሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያፈርሁበት እጥፋት ነው። ሻለቃ ያስባለኝ፣ ርጥብ ጆንያ ያስመሰለኝ። አባቴ ድኻ ስለሆነ የሚያጥፈው ይመስለኝ ነበር፤ ድህነቱም ውሸት አይደለም። ግን ለሚሰፋለት ሰው ሁሉ አላጠፈም። ለሚያየው ሰው፣ ነገም ከነገ ወዲያም ቁመቷን አያለሁ ለሚላት ልጅ ብቻ ነው ያጠፈው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺ ልጅ አንድ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ሳላውቀው።

በሦስተኛው ቀን የእኔን ሰጠኝ። አዲስ ጨርቅ ነበር፤ ከሥራ ከተረፈው ቆጥቦ ያስቀመጠው። ገለበጥሁት። ጫፉ አንድ ጣት ታጥፎ በቀጭኑ ተቀምቅሟል።

«ማደጊያውስ?»

ሳቀ። «አንቺማ ቁመትሽ ቆመ እኮ፣ የኔ እናት። አምና ምንም አላወረድሁልሽም። አሁን በልክሽ ልበሺ፤ ስትመኚው አልነበር?»

ዞር ስል ጨርቁ ተከተለኝ። ጓደኞቼ «እንዴት ያምራል» አሉኝ። እማማ እንኳ በአገውኛ አንድ ነገር ብለው አመሰገኑኝ፤ ያን ጊዜ የሰማሁት ግማሽ ይበቃኝ ነበር። እኔ ዓይኔ እሷ ላይ ነው። በልክ መልበስ የለመደች ልጅ ያ ከባድ ጫፍ ጉልበቷን ሲመታት ይከብዳታል፣ ታፍርበታለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ መምህር ሲያስተምር፣ ሳታውቀው፣ የጉርዷን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ውፍረቱን ስታሸው አየኋት። ደስ ብሏት ነበር።

አሥረኛ ክፍልን ያንኑ ንዴት ስንቅ አድርጌ ተማርሁት። ብሔራዊ ፈተናውን ተፈትነን፣ ካርዳችንን ልንቀበል ሰኔ ሠላሳ እዚያው አዳራሽ ገባን። ዝናብ ነበር፤ የእሷ አባት እንደገና እርሻ ላይ ነው። በመጀመሪያ የተጠራው የእኔ ስም ሆነ።

«የአንደኛዋ ተማሪ አባት።»

አባቴ ተነሳ፣ ኮቱን ሳብ አደረገ፣ መጣ። ቀኔን መልሼ ወስጃለሁ። ጉንጬን ሳመኝ፣ ካርዴን ሰጠኝ፣ ወርዶም አልተቀመጠም፤ ሁለተኛዋ እስክትጠራ እዚያው ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቀ። ሰው ሳቀ፣ ለምዶታል። እሷ ስትወጣ አብሯት ወጣ። እኔ አንደኛ ወጥቼ፣ በልኬ የተሰፋ ጉርድ ለብሼ፣ ከዳይሬክተሩ ጎን ቆሜ ወደታች አየሁ። ከጉልበቷ በታች፣ በእጥበት ከደበዘዘው ሰማያዊ ጨርቅ ሥር፣ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ አንድ ጥቁር መስመር ወጥቶ ነበር። መቼ ተርትሮ እንዳወረደላት አላየሁም። ሰው እያጨበጨበ ነበር፣ ለእኔም ለእሷም፤ እኔ ከዚያ መስመር ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።